ከፍተኛ ኢንተራክሽን ዲዛይነር በዲጂታል የመንግሥት አገልግሎት ውስጥ ያለው የሥራ ድርሻ፤ የብሪታንያ ተሞክሮ

አንድ ዜጋ መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ፣ ለአበል ለማመልከት ወይም በመራጭነት ለመመዝገብ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት በሚሄድበት ጊዜ በመስኮቱ ማዶ የሚቀበለው ሠራተኛ አለ። ባለጉዳዩ ጥያቄው ካልገባው ሠራተኛው ደግሞ ያስረዳዋል፤ የጎደለ ሰነድ ካለም ምን እንደጎደለ ይነግረዋል። አገልግሎቱ በኮምፒዩተር ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ አማካይነት በሚሰጥበት ጊዜ ግን በመስኮቱ ማዶ ሰው የለም። ያለው በገጹ ላይ የሰፈረው ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄው አሻሚ ከሆነ አመልካቹ ተሳስቶ ይሞላል ወይም ጀምሮ ይተወዋል፤ በሕግ የተፈቀደለትን ጥቅምም ሳያገኝ ይቀራል።

ገጹ ምን ምን እንደሚጠይቅ፣ ጥያቄዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀርቡ፣ አመልካቹ ሲሳሳት ምን እንደሚነገረውና ከጨረሰ በኋላ ምን መጠበቅ እንዳለበት የሚነድፈው ባለሙያ ኢንተራክሽን ዲዛይነር ይባላል፤ በአማርኛ የመስተጋብር ንድፍ ባለሙያ ልንለው እንችላለን። ሙያው በግል ኩባንያዎች ዘንድ ቀደም ብሎ የታወቀ ቢሆንም፣ በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ራሱን የቻለ የሥራ መደብና የእድገት ደረጃ ተሰጥቶት ከተደራጀባቸው አገሮች አንዷ ብሪታንያ ናት። ይህ ጽሑፍ የዚያችን አገር ተሞክሮ መነሻ በማድረግ በተለይ የከፍተኛ ዲዛይነሩን የሥራ ድርሻ ያብራራል። ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራ መደቡ አመጣጥ

የብሪታንያ መንግሥት በ2010 ዳይሬክትገቭ የተሰኘውን የወቅቱን ድረ ገጹን እንዲገመግሙ ማርታ ሌን ፎክስ የተባሉትን የኢንተርኔት ንግድ ሥራ ፈጣሪ ጠይቆ ነበር። እርሳቸውም በዚያው ዓመት ለካቢኔ ጽሕፈት ቤት ሚኒስትሩ ለፍራንሲስ ሞድ ባቀረቡት ደብዳቤ አዝጋሚ መሻሻል በቂ እንዳልሆነና ሥር ነቀል ለውጥ እንደሚያስፈልግ አሳሰቡ። በዚህም መሠረት በ2011 የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የተባለ ተቋም በካቢኔ ጽሕፈት ቤት ሥር ተመሠረተ። ተቋሙ በኦክቶበር 17 ቀን 2012 ጎቭ ዶት ዩኬ የተባለውን ድረ ገጽ ሥራ ላይ በማዋል ዳይሬክትገቭንና ለንግድ ሥራ የተዘጋጀውን ቢዝነስ ሊንክን ተካ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና የበርካታ ኤጀንሲዎች ድረ ገጾች ወደዚሁ አንድ ሥፍራ ተጠቃለሉ። ተቋሙ ራሱ በጃንዋሪ 2025 ከሌሎች ተመሳሳይ የመንግሥት ክፍሎች ጋር ተዋህዶ እንደ አዲስ የተደራጀ ሲሆን፣ ተጠሪነቱም ለሳይንስ፣ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነው።

በ2012 ይፋ የሆኑት የንድፍ መርሆዎች አሥር ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሥራው ከተጠቃሚው ፍላጎት እንዲነሳ የሚያዝዝ ነው። የድረ ገጹ መልክ ራሱ የዚህ አስተሳሰብ ውጤት መሆኑን መገንዘብ ይቻላል። ጌጥ የለውም ማለት ይቀላል፤ ጥቁር ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ፣ ሰፋ ያለ ክፍተት፣ ጥቂት ቀለም። የፊደሉ ቅርጽ ኒው ትራንስፖርት የሚባለው ሲሆን፣ መሠረቱ ጆክ ኪኔር እና ማርጋሬት ካልቨርት ለብሪታንያ የመንገድ ምልክቶች ያዘጋጁት ፊደል ነው። በፍጥነት የሚያሽከረክር ሰው በጨረፍታ እንዲያነበው ታስቦ የተቀረጸ ፊደል፣ በችግር ላይ ሆኖ አበል ለሚጠይቅ ሰው መዋሉ ተገቢ ምርጫ ነው። ድረ ገጹ በ2013 የለንደኑ ዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ሽልማት ተሸላሚ ለመሆን በቅቷል።

በዚሁ ሂደት በየሚኒስቴሩ የሚሠሩ ዲዛይነሮች ቁጥር እየጨመረ በመሄዱ፣ የመንግሥት የዲጂታልና የዳታ ሙያዎችን ደረጃ የሚወስን የብቃት ማዕቀፍ ወጥቷል። በማዕቀፉ መሠረት የኢንተራክሽን ዲዛይነር የሥራ መደብ ከጀማሪ ይነሳና በዲዛይነር፣ በከፍተኛ ዲዛይነርና በመሪ ዲዛይነር በኩል አልፎ እስከ ክፍል ኃላፊነት ይደርሳል። ባለሙያው ለብቻው አይሠራም። ተጠቃሚዎችን የሚያነጋግርና የሚታዘብ ተመራማሪ፣ የገጹን ቃላት የሚጽፍ የይዘት ዲዛይነር፣ አገልግሎቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአጠቃላይ የሚመለከት የአገልግሎት ዲዛይነር፣ የሶፍትዌር መሐንዲሶችና የምርት ሥራ አስኪያጅ አብረውት ይሰለፋሉ።

ጥያቄን መቀነስ

ስለዚህ ሙያ ሲነሳ በርካታ ኃላፊዎች ወደ አእምሯቸው የሚመጣው የቀለምና የምስል ጉዳይ ነው። የከፍተኛ ዲዛይነሩ ዋነኛ ሥራ ግን ስክሪን ከመነደፉ በፊት ይጀመራል። ለዚህ የአስታማሚ አበል ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ይህ አበል በጽኑ የታመመ ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው በሳምንት ቢያንስ ለ35 ሰዓታት ለሚንከባከብ፣ ለዚሁም ሥራ ደመወዝ ለማይከፈለው ሰው የሚሰጥ ድጋፍ ነው። አመልካቹ ብዙውን ጊዜ የትዳር ጓደኛውን፣ ወላጁን ወይም ልጁን የሚያስታምም ሰው ነው። ጊዜም ዕረፍትም የለውም።

የአስታማሚ አበል ማመልከቻ የብሪታንያ መንግሥት ከ2013 ጀምሮ በአርአያነት እንዲሻሻሉ ከመረጣቸው 25 አገልግሎቶች መካከል አንዱ ነበር። ቡድኑ ማመልከቻውን እንደገና ሲያዘጋጅ 170 ያህል ጥያቄዎችን፣ ማለትም ከጠቅላላው ግማሽ የሚጠጋውን፣ ለማስወገድ ችሏል። ይህ ቁጥር በጥሞና ሊታይ ይገባል። 170 ጥያቄዎች ሲወገዱ አበሉን የመስጠት ሥራ አልተቋረጠም፤ ይህም ጥያቄዎቹ ቀድሞውኑ ለውሳኔው አስፈላጊ እንዳልነበሩ ያመለክታል።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በቅጽ ላይ የሚከማቹት በክፋት አይደለም። አንዱ የሥራ ክፍል ለስታቲስቲክስ ይጠቅመኛል ብሎ አንድ መስመር ያስጨምራል፤ ሌላው ከዓመታት በፊት የተከሰተ ማጭበርበርን ለመከላከል ሁለት ያክላል፤ የሕግ ክፍሉ ደግሞ ለጥንቃቄ ሲል ማረጋገጫ ይጠይቃል። ያስጨመረው ኃላፊ ከተዛወረ በኋላ ጥያቄው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ማንም ለማስወገድ አይደፍርም። ቅጹን በሥራ ላይ ያዋለ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሁኔታ ከራሱ መሥሪያ ቤት ያውቀዋል።

በዚህ ረገድ የቅጽ ዝግጅት ባለሙያዋ ካሮላይን ጃሬት ያዳበሩት ዘዴ በብሪታንያ መንግሥት ቡድኖች ዘንድ በስፋት ይታወቃል። ዘዴው በቅጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጥያቄ ተራ በተራ እንዲመረመር ያደርጋል። መልሱን የሚጠቀምበት የትኛው የሥራ ክፍል ነው? ለምን ጉዳይ ይጠቀምበታል? መልሱ አስገዳጅ ነው ወይስ በፈቃደኝነት የሚሰጥ? አመልካቹ ትክክል ያልሆነ ወይም የይድረስ ይድረስ መልስ ቢሰጥ ምን ይከተላል? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ከቅጹ እንዲወጣ ይደረጋል።

ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ አፈጻጸሙ ግን ቀላል አይደለም። ከፖሊሲ ክፍል፣ ከሕግ ክፍልና ከፋይናንስ ክፍል ኃላፊዎች ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር መጠየቅ ትዕግሥትና ተሰሚነት ይሻል። ጀማሪ ዲዛይነር የተሰጠውን ጥያቄ በሚገባ ሊያቀርብ ይችላል፤ ከፍተኛ ዲዛይነር ግን ጥያቄው መኖር አለበት ወይ ብሎ የመጠየቅና ውይይቱን እስከ ውሳኔ የማድረስ ኃላፊነት አለበት። የሁለቱ ደረጃዎች ዋነኛ ልዩነት በዚህ ላይ ያረፈ ነው ማለት ይቻላል። በስብሰባው ላይ የሚረዳው መሣሪያም አለው። በተጠቃሚዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት፣ በተለይም አንድ እውነተኛ አመልካች በአንድ ጥያቄ ላይ ቆሞ ሲቸገር የሚያሳይ ቅጂ፣ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ኃላፊዎችን የማሳመን ኃይል አለው።

የዕለት ተዕለት ሥራው

በብሪታንያ መንግሥት አሠራር አንድ ዲጂታል አገልግሎት አራት ምዕራፎችን ያልፋል። እነርሱም የቅድመ ጥናት ምዕራፍ፣ አልፋ የሚባለው የሙከራ ምዕራፍ፣ ቤታ የሚባለውና እውነተኛ ተጠቃሚዎች የሚስተናገዱበት ምዕራፍ፣ በመጨረሻም መደበኛ አገልግሎት ናቸው። በቅድመ ጥናቱ ወቅት ምንም አይገነባም፤ ችግሩ ምን እንደሆነና ማንን እንደሚመለከት ብቻ ይጠናል። በአልፋ ምዕራፍ ዲዛይነሩ ለዚሁ በተዘጋጀ የጋራ መሣሪያ አማካይነት እውነተኛ የሚመስሉ ነገር ግን መረጃ የማይመዘግቡ ገጾችን ይሠራል። ገጾቹ ለተጠቃሚዎች ቀርበው ይሞከራሉ፤ ካልሠሩ ይጣላሉ። ለመጣል የማይሳሳ ባለሙያ በዚህ ምዕራፍ ይፈለጋል።

ዲዛይነሩ እያንዳንዱን ቁልፍና ሳጥን እንደ አዲስ አይፈጥርም። በጁን 2018 ይፋ የሆነው የጋራ የዲዛይን ሥርዓት የተፈተኑ የገጽ ክፍሎችንና የአጠቃቀም መመሪያዎችን አሰባስቦ ይዟል። መመሪያው በአንድ ገጽ ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲጠየቅ ይመክራል። አመልካቹ ሲሳሳት የሚወጣው መልእክትም ምን እንደተፈጠረና እንዴት እንደሚታረም በግልጽ ቋንቋ መናገር አለበት። አመልካቹን የሚወቅሱ ወይም ለቴክኒክ ባለሙያ ብቻ የሚገቡ ቃላት አይፈቀዱም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ውሳኔዎች ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የዲዛይን ሥርዓቱ ቡድን በ2020 ቁጥር የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች አሠራር ለውጧል። ምክንያቱ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የሳጥን ዓይነት አመልካቹ የኮምፒዩተሩን ማውስ ጎማ ሲያሽከረክር ሳያውቀው የጻፈውን ቁጥር ከፍና ዝቅ ያደርግበት ስለነበር፣ በድምፅ ትእዛዝ ለሚጠቀሙ ሰዎችም እንቅፋት ይፈጥር ስለነበር ነው። ገቢውን በትክክል የጻፈ ሰው ሳያውቅ የተሳሳተ ገቢ አስመዝግቦ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

የስም ጥያቄም እንዲሁ ነው። የብሪታንያው መመሪያ ስምን ለመከፋፈል በቂ ምክንያት ከሌለ ሙሉ ስም በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዲጠየቅ ይመክራል። የዓለም ሕዝቦች የስም አሰጣጥ የተለያየ ነውና። ይህን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ያስከትላል፤ እናትም ካገባች በኋላ በአባቷ ስም መጠራቷን ትቀጥላለች። በመሆኑም አባት፣ እናትና ልጅ የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ስሞችን ሊጽፉ ይችላሉ። አንድ ቤተሰብ አንድ ስም አለው ብሎ የሚገምት ቅጽ የእናትና የልጅን ዝምድና አጠራጣሪ ያስመስለዋል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ በአገራችን አገልግሎቶችም የግድ ይላል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂ በ2020 ከጸደቀ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ ምዝገባ ቀጥሏል፤ በ2025 ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። በእነዚህም ሆነ ወደፊት በሚዘጋጁ አገልግሎቶች ውስጥ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ የዲዛይን ጉዳይ ነው። ከውጭ በተገዛ ሶፍትዌር ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ በጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን እንዳለ ማስገባት አይችልም። ቀጠሮው ለ2 ሰዓት ነው የሚል የስልክ መልእክት የደረሰው ባለጉዳይም ጠዋት ሊመጣ ይችላል፣ ከቀትር በኋላም ሊመጣ ይችላል። መልእክቱ ላይ “ከጠዋቱ” የሚል አንድ ቃል መጨመር የዲዛይነር ሥራ ነው፤ ሰውን ከሩቅ መንገድ መመላለስ ያድናል።

ተደራሽነትና ግምገማ

በብሪታንያ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት የመንግሥት ተቋማት ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ የመሆን ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። መለኪያውም ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ነው። ስለሆነም ዲዛይነሩ ማየት የተሳነው ሰው ገጹን በድምፅ አንባቢ ሲጠቀም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በማውስ ፈንታ በቁልፍ ሰሌዳ ሲሠራ፣ ቀለም መለየት የማይችል ሰው ስህተቱን ሲፈልግ ምን እንደሚገጥመው መፈተሽ ይጠበቅበታል። ኢንተርኔት ፈጽሞ ለማይጠቀሙም በስልክ ወይም በአካል የሚስተናገዱበት መንገድ ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ መነደፍ አለበት።

አገልግሎቱ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ቀጣዩ ከመሸጋገሩ በፊት ከቡድኑ ውጭ በሆኑ የመንግሥት ባለሙያዎች ይገመገማል። የግምገማው መመዘኛ በ2014 ሲጀመር 26 ነጥቦች የነበሩት ሲሆን፣ በ2015 ወደ 18፣ በ2019 ደግሞ ወደ 14 ዝቅ ብሏል። ጥያቄ መቀነስን የሚያስተምር ተቋም የራሱን መመዘኛ መቀነሱ የሚያስመሰግነው ነው። ከፍተኛ ዲዛይነሩ በግምገማው ላይ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያት ያቀርባል፤ ሌላ ጊዜም የሌሎች ቡድኖች ገምጋሚ ሆኖ ይቀርባል። ከዚህ በተጨማሪ ጀማሪዎችን ማሠልጠንና ሥራቸውን መከታተል የደረጃው ግዴታ ነው። በቅጥር ወቅትም ከዲግሪው ይልቅ የሠራቸው ሥራዎች ስብስብና ለምን እንደዚያ እንደሠራቸው የሚሰጠው ማብራሪያ ከፍተኛ ግምት ይሰጠዋል።

ቅጹ ካለቀ በኋላ

ከላይ የተጠቀሰው የአስታማሚ አበል ታሪክ በተሻሻለው ማመልከቻ አላበቃም። ሙያው እስከ የት መድረስ እንዳለበት የሚያሳየውም ቀጣዩ ክፍል ነው።

አበሉን የሚያገኝ ሰው ጎን ለጎን ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ሆኖም ሳምንታዊ የተጣራ ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በነበረው የበጀት ዓመት ጣሪያው 151 ፓውንድ፣ አበሉ ደግሞ በሳምንት 81 ፓውንድ ከ90 ሳንቲም ነበር። ከጣሪያው በአንድ ፓውንድ ያለፈ ሰው የሚያጣው አንድ ፓውንድ ሳይሆን የሳምንቱን አበል በሙሉ ነው። በመሆኑም ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ በአንድ ፓውንድ የበለጠ አስታማሚ፣ በድምሩ 52 ፓውንድ ስላተረፈ 4,258 ፓውንድ ከ80 ሳንቲም እንዲመልስ ይጠየቃል። ገቢው በተለወጠ ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ የማሳወቅ ግዴታም የአስታማሚው ነው።

የሚያስገርመው የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር የተቀጣሪዎችን ገቢ የሚያሳይ መረጃ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይደርሰው የነበረ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የደረሱትን ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ በጊዜው አይመረምርም ነበር። ብሔራዊው የኦዲት ቢሮ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ችግሩን በዝርዝር አሳይቶ ነበር። በ2024 ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃን በስፋት ሲነሳ፣ ከ134 ሺህ በላይ አስታማሚዎች በጠቅላላው ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ በመመለስ ላይ እንደነበሩ ታወቀ። ብዙዎቹ ስለ ጥፋታቸው የሰሙት ዕዳው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከተከማቸ በኋላ ነው።

ማመልከቻው አጭርና ግልጽ ነበር። ሰዎች አበሉን ለማግኘት ይጠቀሙበት የነበረው በር ተሻሽሏል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል ግን በነበረበት ቆይቷል። በሙያው ዓይን ሲታይ ጉድለቱ ሁለት ነው። መንግሥት የሚያውቀውን መረጃ ዜጋው እንደገና እንዲያሳውቅ ግዴታ ተጣለበት፤ መንግሥት ያወቀውን ደግሞ ለዜጋው በወቅቱ የሚነግርበት መንገድ አልተዘረጋም። ገቢው ወደ ጣሪያው ሲቃረብ ለአስታማሚው የሚደርስ አንድ አጭር የስልክ መልእክት የብዙዎቹን ዕዳ ገና ሲጀመር ባስቆመው ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚውል የጋራ የመልእክት መላኪያ ሥርዓት ከ2016 ጀምሮ ያለው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከፍተኛ ዲዛይነር የሥራ ወሰኑን በማመልከቻው ገጽ ላይ ከገደበ ይህን ጉድለት የማየት ዕድል አይኖረውም። በሌላ በኩል ሕጉ ራሱ በአንድ ፓውንድ ልዩነት ሙሉ አበል የሚያሳጣ በመሆኑ፣ ዲዛይነሩ ችግሩን ቢያየውም ብቻውን ሊፈታው አይችልም ነበር። የጣሪያውን አሠራር መለወጥ የሚኒስትሮችና የፓርላማ ሥልጣን ነው።

መንግሥት በኦክቶበር 2024 ጉዳዩን የሚያጣራ ገለልተኛ ግምገማ በሊዝ ሴይስ መሪነት እንዲካሄድ አዘዘ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮም የገቢ ጣሪያው ወደ 196 ፓውንድ ከፍ ብሎ በዝቅተኛው የደመወዝ መጠን ከ16 ሰዓት ሥራ ክፍያ ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። የግምገማው ውጤት በኖቬምበር 2025 ይፋ ሲሆን፣ ገቢያቸው ከሳምንት ሳምንት ለሚለያይ አስታማሚዎች አማካይ ገቢ እንዴት እንደሚሰላ ለሠራተኞች ይሰጥ የነበረው መመሪያ ግልጽነት የጎደለው እንደነበር አመልክቷል። መንግሥትም በዚሁ መመሪያ መሠረት የተወሰኑ ውሳኔዎችን እንደገና እንደሚመረምር አስታውቋል።